የክሎድ ሞኔ ቀኝ ዓይን፦ ስለ ሞራ ቀዶ ሕክምና አንድ የጉዳይ ጥናት

በጁን 1923 አንድ የ82 ዓመት አዛውንት ፈረንሳይ ውስጥ ዢቬርኒ ከምትባል መንደር ለቀዶ ሐኪሙ ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው ምስጋና አልነበረም። ያን ክፉ ቀዶ ሕክምና በመቀበሉ እንደተጸጸተ፣ እንዲህ ባለ መከራ ውስጥ መጣሉም ወንጀል ሆኖ እንደሚታየው በግልጽ አሰፈረ። አዛውንቱ ሠዓሊው ክሎድ ሞኔ ነው። ሐኪሙ ሻርል ኩቴላ በፓሪስ የሚሠራ የዓይን ሐኪም ነበር፤ ከአምስት ወር በፊት ያወጣው ሞራም በዚያ ዘመን መመዘኛ በደንብ የወጣ ነበር። ቀድሞ ብርሃንን ከጨለማ ብቻ ይለይ የነበረው ዓይን እንደገና ቅርጽና ቀለም ማየት ጀምሯል። ታዲያ ያ ሁሉ ቁጣ ከየት መጣ? (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ጉዳይ ደጋግሜ ያነበብኩት ለሥዕሉ ብዬ አይደለም። በኢትዮጵያ በ2005 እና በ2006 በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ ያህሉ ዓይነ ስውር ሆኖ ሲገኝ፣ ከእነዚህ ግማሽ ያህሉን ያሳወረው ሞራ ነበር። በየዘመዱ ቤት ጥግ ይዞ የተቀመጠ አባት፣ የልጅ ልጇን በድምፅ ብቻ የምትለይ አያት አለች። ቤተሰብ እነዚህን ሰዎች ወደ ሐኪም ለመውሰድ ሲነሳ መጓጓዣውን፣ ገንዘቡንና አስታማሚውን ያዘጋጃል። ሕመምተኛው ራሱ ግን ምን እንደሚደረግለት፣ ከዚያስ በኋላ ዓለም ምን መስላ እንደምትታየው ብዙ ጊዜ የሚነግረው የለም። የሞኔ ታሪክ ይህ ጉድለት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያሳያል። የደረሰበትን ሁሉ በደብዳቤ ይጽፍ ስለነበር ደግሞ ከሐኪሙ ወገን ብቻ ሳይሆን ከሕመምተኛው ወገንም ልንሰማው እንችላለን።

ሞራ የሚለው ቃል

ከታሪኩ በፊት ስለ ስሙ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። በቋንቋችን ሞራ ማለት የታረደ በግ ሆድ ዕቃ ላይ ተጋርዶ የምናየው ስስ ስብ ነው። ስሙ በዓይን ላይ ሲወርድ ሰው የሚያስበውም ያንኑ ነው፦ ዓይን ላይ የተዘረጋ መጋረጃ፣ ሐኪሙም በምላጭ ጫፍ ገፍፎ የሚጥለው። "ሞራውን ገፈፉለት" የምንለው ለዚህ ነው። እውነቱ ሌላ ነው። ከጥቁሩ የዓይናችን ክፍል ጀርባ፣ ዓይን ውስጥ፣ የምስር ፍሬ ቅርጽ ያለው ጥርት ያለ ሌንስ አለ። ስንወለድ እንደ ጠራ ብርጭቆ የነበረው ይህ ሌንስ በዕድሜ ብዛት፣ በስኳር ሕመም፣ በዓይን ላይ በደረሰ አደጋ ወይም ለረጅም ጊዜ በተወሰደ የስቴሮይድ መድኃኒት ምክንያት ይደፈርሳል፤ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ ይሆናል፤ አንዳንዱ ደግሞ ነጭ ይሆናል። ሞራ የሚባለው ይህ የደፈረሰ ሌንስ ነው። የሚገፈፍ ነገር የለም፤ ሌንሱ ራሱ ወጥቶ ሌላ ይተካል።

ይህ የቃላት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ አላነሳውም ነበር። በአገራችን ከሞራ ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚያሳውረው ትራኮማ ያስከተለው ጠባሳ ነው፤ እሱ በእርግጥ ዓይን ፊት ላይ፣ ኮርኒያ በሚባለው ክፍል ላይ የሚወጣ ነጭ ነው። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ሁለቱም "ነጭ የጣለበት ዓይን" ናቸው። ጎረቤቱ በአንድ ቀን ሲድን ያየ ሰው ጠባሳ ያለባትን እናቱን ይዞ ሩቅ መንገድ ይመጣና ሌንስ መቀየር ለእሷ እንደማይረዳ ሲነገረው ሐኪሙ የነፈገው ይመስለዋል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ "ይህ ነጭ ሌንሱ ላይ ነው ወይስ የዓይኑ ፊት ላይ?" የሚለው ነው።

የመዘግየት አሥር ዓመት

ሞኔ ሁለቱም ዓይኖቹ ሞራ እንዳለባቸው የተነገረው በ1912 ነው። ቀኙ ይብስ ነበር፤ ቀዶ ሕክምናም ተመከረ። እምቢ አለ። ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ሙሉ በደፈረሰ ሌንስ ውስጥ እያየ ሣለ። ቀለም ይከዳው ጀመር። ቀዩ ጭቃ ይመስለው ነበር፤ ፈዛዛዎቹን ቀለሞች ከነጭራሹ ያጣቸዋል። የቀለም ቱቦዎቹን በጽሑፋቸው እየለየ፣ በቀለም ሰሌዳው ላይ የእያንዳንዱን ቦታ ሳይለውጥ በልማድ ይሠራ ነበር። የፀሐይ ነጸብራቅ ስለሚያሳውረው ሰፊ የገለባ ባርኔጣ ያደርጋል። በእነዚያ ዓመታት መጨረሻ የሣላቸው የአትክልት ቦታው የጃፓን ድልድይ ሥዕሎች በቀይና በቡናማ የተጥለቀለቁ ናቸው፤ ድልድዩን ለማግኘት ተመልካቹ ይቸገራል።

ለምን ዘገየ? ስለ ፈራ ነው፤ ፍርሃቱም መሠረት ነበረው። የሚያውቃት ሠዓሊ ሜሪ ካሳት ለሞራ ተቀድዳ አልተሳካላትም። ከእሱ በፊት የነበረው ሠዓሊ ኦኖሬ ዶሚዬም እንዲሁ። በዚያ ላይ የሚወጣው ሌንስ ምትክ አልነበረውም። ዓይን ያለ ሌንስ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ የሚታየው በጣም ወፍራም በሆነ መነጽር ብቻ ነው። ስለዚህ የዘመኑ ሐኪሞችም ሞራው እስኪበስል፣ ሰውየው ከዚህ በላይ የሚያጣው ነገር እስከማይኖር መጠበቅን ይመክሩ ነበር።

"ገና አልበሰለም" የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ እስከ ዛሬ አለ። ምንጩ ያ ዘመን ነው፤ ምክንያቱ ግን ከዘመኑ ጋር አልፏል። ዛሬ ጊዜው የሚወሰነው በሞራው ብስለት ሳይሆን በሰውየው ኑሮ ነው። ማንበብ ካቃተው፣ ደረጃ ከሳተ፣ የመኪና መብራት ሲመጣበት መንገድ ከጠፋው፣ ከሰው ገጽ ላይ ፈገግታና ኩርፊያ መለየት ካልቻለ ጊዜው ደርሷል። ከመጠን በላይ የቆየ ሞራ እየጠነከረ ስለሚሄድ ለማውጣት ያስቸግራል፤ አንዳንዴም አብጦ ወይም ፈሳሹ አምልጦ የዓይንን ግፊት ድንገት ያንረዋል። ያን ጊዜ ዓይኑ ይቀላል፣ በኃይል ያማል፤ ከዘገየ ደግሞ የዓይን ነርቭ ስለሚሞት ሞራው ቢወጣም ብርሃን አይመለስም።

አንድ የሚያሳስት ምልክት አለ። ለዓመታት ያለ መነጽር ማንበብ ያቃታቸው እናት አንድ ቀን መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ይችላሉ። ቤቱ በደስታ ይሞላል፤ "ዓይኔ ታደሰ" ይላሉ። ብዙ ጊዜ ይህ የሌንሱ መሐል እየጠነከረ የዓይኑን ልክ ወደ ቅርብ ስለሳበው የሚመጣ የጥቂት ጊዜ ጸጋ ነው፤ ሩቁ በዚያው ልክ ይደበዝዛል። ሞኔም በ1922 ተመሳሳይ ደስታ አግኝቶ ነበር። ኩቴላ ብሌንን የሚያሰፋ ጠብታ በግራ ዓይኑ ሲያደርግለት ብርሃን በደፈረሰው መሐል ዙሪያ ማለፊያ አገኘና ከረጅም ጊዜ ወዲህ እንዲህ አይቼ አላውቅም አለ። ብዙም አልቆየም። ጠብታም ሆነ ቅጠል፣ ቫይታሚንም ሆነ መነጽር የደፈረሰ ሌንስን አያጠራም። ይህን ጠንከር አድርጌ የምናገረው በዓይን ውስጥ ያልታወቀ ነገር ጨምቀው ያዳኗቸውን ሳይሆን ያሳወሯቸውን ሰዎች ታሪክ ስለምንሰማ ነው።

ብርሃኑ ከየት ይመጣል?

በሴፕቴምበር 1922 ኩቴላ ሞኔን ሲመረምር ቀኝ ዓይኑ ብርሃን ከማየት በቀር ምንም አልቀረውም፤ ግራው ከሙሉ ዕይታ አንድ አሥረኛ ያህል ነበረው። ሐኪሙ የተስፋውን ልክ ያወቀው ግን ከዚህ ቁጥር አይደለም። ቀኝ ዓይኑ ብርሃን ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ በትክክል ይለይ ነበር። ከላይ ቢሉት ከላይ፣ ከቀኝ ቢሉት ከቀኝ። ይህ ማለት ከደፈረሰው ሌንስ ጀርባ ያለው፣ ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን፣ ሬቲና፣ በሕይወት አለ ማለት ነው።

ይህ ቀላል ምርመራ ከመቶ ዓመት በኋላም አልተሻረም። ነርስ በትንሽ ባትሪ አራቱንም አቅጣጫ እያበራች "ከየት ነው?" ስትል ጨዋታ የሚመስላቸው ሽማግሌዎች አሉ። የጠቅላላው ሕክምና ተስፋ የሚመዘንበት ጥያቄ ነው። ሞራ ማውጣት መስኮት መወልወል ነው፤ ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ቤት ከፈረሰ፣ ማለትም ግላኮማ ነርቩን ከጎዳው ወይም ስኳር ሬቲናውን ካበላሸው፣ የጠራው መስኮት የሚያሳየው ጥቂት ነው። ሞራው ጥቅጥቅ ካለ ሐኪሙ ወደ ኋላ አሻግሮ ማየት ስለማይችል በአልትራሳውንድ ያያል። የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩን አስተካክሎ መምጣት አለበት። ለሽንት መከልከል ታምሱሎሲን የሚባለውን የፕሮስቴት መድኃኒት የሚወስድ ወይም ወስዶ ያቋረጠ ሰው ደግሞ ይህን ለዓይን ሐኪሙ ሳይናገር እንዳይተኛ። መድኃኒቱ በቀዶ ሕክምናው መሐል ብሌን እንዳይሰፋና በብሌኑ ዙሪያ ያለው ባለ ቀለም የዓይን ቀለበት እንዲልፈሰፈስ ያደርጋል፤ ቀድሞ ያወቀ ሐኪም ይዘጋጅበታል፤ ያላወቀ ይደናገጥበታል። ብዙ አዛውንት "ዓይኔ ከሽንቴ ምን አገናኘው?" ብለው ይተዉታል።

የሌላ ሰው ቀነ ገደብ

ሞኔ በመጨረሻ እሺ ያለው ለምንድን ነው? ወዳጁ ዦርዥ ክሌማንሶ ነበር የገፋፋው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይን የመራ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ በትምህርቱም ሐኪም። ከጦርነቱ ማብቂያ በኋላ ሞኔ የውሃ አበቦቹን ግዙፍ ሥዕሎች ለአገሩ ለመስጠት ቃል ገብቶ፣ በአፕሪል 1922 በሁለት ዓመት ውስጥ ሊያስረክብ ውል ፈርሞ ነበር። ስለዚህ ወደ ቀዶ ሕክምናው ሲገባ ዓይኑን ብቻ አላሰበም፤ ቀን እየተቆጠረበት ነበር። ሐኪሙ ጥሩ ነው፣ ወዳጁም ቅን ነው፤ ግን ሕመምተኛው በራሱ ጊዜ አልወሰነም።

የእኛንም ቤት እዚህ ላይ አያለሁ። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለሦስት ሳምንት ዕረፍት የመጣ ልጅ የእናቱን ዓይን አይቶ ይደነግጣል፤ ከመሄዱ በፊት ሁለቱም ዓይን እንዲሠራላቸው ይፈልጋል። ፍቅሩ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ጠብታው ለሳምንታት በየቀኑ የሚደረግ ነው፤ ቀጠሮውም ይደጋገማል፤ ሁለተኛው ዓይን የሚሠራው የመጀመሪያው ከዳነ በኋላ ነው። ገንዘቡን ከመላክ እኩል መታሰብ ያለበት ልጁ አውሮፕላን ከተሳፈረ በኋላ ጠዋትና ማታ ጠብታውን ማን እንደሚያደርግ ነው።

አልጋው ላይ

በጃንዋሪ 1923 ፓሪስ አጠገብ ኔዪ ውስጥ ባለ ክሊኒክ ሞኔ ተኛ። ሥራው በሁለት ጊዜ ተከፈለ። መጀመሪያ ከዓይኑ ቀለበት ቁራጭ ወጣ፤ በሌላ ቀን ሌንሱ። ማደንዘዣው ኮኬይን ነበር፤ ካርል ኮለር በ1884 ለዓይን ካስተዋወቀው በኋላ ታላቅ እፎይታ የሆነ መድኃኒት። ሞኔን አቅለሸለሸው፣ አስመለሰው። በዚያ ዘመን የሚቀደደው ሰፊ ስለነበር ቁስሉ እንዳይከፈት ሕመምተኛው ለቀናት በጀርባው፣ ያለ ትራስ፣ ሁለት ዓይኑ ታስሮ፣ ራሱ በአሸዋ ከረጢት ተደግፎ መተኛት ነበረበት። ሰማንያ ዓመት አልፎት በአትክልት ቦታው ሲዘዋወር የኖረ ሰው ይህን አልቻለም። ፋሻውን ሊቀደው ሞከረ፤ እንዲህ ከሚሆን መታወር ይሻለኛል አለ።

ዛሬ የሚሆነው ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር ጥቂት ነው፤ ፍርሃቱ ግን ከአያት ወደ ልጅ የተላለፈ ስለሆነ በዝርዝር ልናገር። ሕመምተኛው አይተኛም፤ ንቁ ነው። ዓይኑ በጠብታ ወይም በአጠገቡ በሚሰጥ መርፌ ይደነዝዛል። ፊቱ ላይ ጨርቅ ይዘረጋል፤ የሚታየው ደማቅ ብርሃንና የሚርመሰመስ ጥላ ነው፤ ውሃ ሲወርድበት፣ ሰዎች በዝግታ ሲነጋገሩ ይሰማል። መነካት እንጂ የሚወጋ ሕመም ሊሰማው አይገባም፤ ከተሰማው ይናገር፣ ይጨመርለታል። ሊያስለው ወይም ሊያስነጥሰው ሲል ራሱን ሳያነቃንቅ አስቀድሞ መናገር አለበት። ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት በታች ያልቃል፤ በዚያው ቀን ወደ ቤት ይኬዳል።

መንገዱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቻርልስ ኬልማን በ1967 ያስተዋወቀው፣ ሌንሱን በድምፅ ሞገድ ፈጭቶ በጣም ጠባብ በሆነ ቀዳዳ የሚመጥጠው ነው። ሁለተኛው በእጅ የሚሠራው፣ ትንሽ ሰፋ ያለ ግን ስፌት የማይፈልግ ቀዳዳ የሚጠቀመው ነው፤ የኔፓሉ ሐኪም ሳንዱክ ሩይት በዓለም ካስፋፉት አንዱ ነው። በዘመቻ መልክ በሚሰጡ ሕክምናዎች የሚሠራበት አብዛኛውን ጊዜ ይህኛው ነው። ሰዎች "የድሀ ቀዶ ሕክምና" አድርገው ሲያዩት አዝናለሁ። በጣም ለጠነከረ ሞራ፣ እኛ አገር ብዙ ለሚገጥመው ዓይነት፣ በሠለጠነ እጅ እጅግ ጥሩ ውጤት የሚሰጥ ነው። ማሽኑን ከመጠየቅ በፊት እጁን መጠየቅ ይበጃል።

ከሁሉም በላይ ግን ልዩነቱን ያመጣው ሃሮልድ ሪድሊ በ1949 ለንደን ውስጥ የሠራው ነው። በጦርነቱ የተዋጊ አውሮፕላን መስኮት ስብርባሪ ዓይናቸው ውስጥ የገባ አብራሪዎችን ሲያክም፣ ያ ፕላስቲክ ዓይንን እንደማያስቆጣ አስተዋለ፤ ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ ሌንስ አሠርቶ ዓይን ውስጥ ተከለ። ለብዙ ዓመታት የሙያ ባልደረቦቹ ተቃወሙት። ዋጋው ለድሀ አገር የማይቀመስ ሆኖ ቆይቶ፣ በ1990ዎቹ በአውስትራሊያዊው ሐኪም ፍሬድ ሆሎውስ ስም የቆመው ድርጅት በካትማንዱና በአስመራ የሌንስ ፋብሪካ ሲያቋቁም በብዙ እጥፍ ወረደ። ሞኔ ይህን ለማየት አልደረሰም። ከሪድሊ ሥራ 26 ዓመት ቀድሞ ተቀደደ።

ያልተነገረው

አሁን ወደ ቁጣው እንመለስ። የሞኔ ቀኝ ዓይን ሌንስ የለውም፤ የሚያየው እንደ ጠርሙስ ቂጥ በወፈረ መነጽር ነው። እንዲህ ያለው መነጽር ነገርን ሁሉ በሩብ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ያጎላል። ቀጥ ያለ በር ይጎብጣል፤ ጽዋው እጅ ከሚደርስበት ይቀርባል፤ እግር ደረጃውን ይስታል። ግራ ዓይኑ ደግሞ በተፈጥሮው ልክ ያያል። ሁለት የተለያየ መጠን ያለው ዓለም በአንድ ጊዜ ወደ አንጎሉ ይገባል፤ አንጎሉም ሊያጋጥማቸው አልቻለም። አንዱን መሸፈን ግድ ሆነ።

ቀለሙ የባሰ ነበር። ለዓመታት በቢጫ ብርጭቆ ሲያይ የኖረ ዓይን ብርጭቆው ድንገት ሲነሳለት ሰማያዊ ይጎርፍበታል። ሞኔ አንዴ ሁሉም ቢጫ ነው፣ አንዴ ሁሉም ሰማያዊ ነው እያለ አማረረ። በተቀደደው ዓይን ሰማያዊ፣ ባልተቀደደው ቢጫ ያይ ነበር። ቀድሞ የሣላቸውን እያየ ደነገጠ፤ የለወጣቸውም ያጠፋቸውም አሉ። የእርሱ ሙያ ቀለም ነው። ለእርሱ ይህ የሕክምና ውጤት ሳይሆን ዘረፋ ነበር።

እንደ እኔ ፍርድ ከጉዳዩ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ሐኪሙ የሚለካው ፊደል ማንበብን ነው፤ ሕመምተኛው የሚለካው አስቦት ከመጣው ጋር ነው። ሞኔ የጠበቀው የድሮ ዓይኑን ነበር፤ የተሰጠው ሌላ ዓይን ነው።

ዛሬም የተተከለ ሌንስ ሌላ ዓይን ነው፤ ምንም እንኳ እጅግ የተሻለ ቢሆን። ፋሻው ሲነሳ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚናገረው ስለ ነጭ ነው። ለዓመታት የጠይም ወርቅ መስሎ የኖረው ነጠላ ድንገት እንደ በረዶ ይነጣል፣ ሰማያዊም ይመስላል። ያልተነገራቸው ሰዎች ዓይኔ ተበላሸ ብለው ይጨነቃሉ። ሳምንታት ሲያልፉ አንጎል ይለምደዋል። ሁለቱ ዓይኖች የተለያየ ቀለም ያሳዩኛል የሚሉትም እውነታቸውን ነው፤ ሁለተኛው እስኪሠራ የሚቆይ ነው።

ሁለተኛው ያልተነገረ ነገር መነጽር ነው። በወጣትነታችን ሌንሳችን ሩቅና ቅርብን እየተጣጣፈ ያያል። የሚተከለው ሌንስ፣ የተለመደው ዓይነት፣ ለአንድ ርቀት የተሠራ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የዓይን ርዝመትና የኮርኒያ ጉብጠት ተለክቶ ቁጥሩ ይመረጣል። አብዛኛውን ጊዜ ለሩቅ ይደረጋል፤ ያን ጊዜ መንገዱ፣ በጉ፣ ከማዶ የሚመጣው ሰው ጥርት ብሎ ይታያል፤ ለማንበብ ግን መነጽር ያስፈልጋል። አሁን አንድ የቤተ ክርስቲያን ሰው አስቡ፣ ዳዊቱን ሳይደግም የማይውል፤ ወይም ቁርኣን ሲቀራ የኖረ ሼህ፤ ወይም ጥልፍ የምትጠልፍ እናት። "ተሳክቷል" ተብሎ ወደ ቤቱ ይሄድና መጽሐፉን ሲከፍት ፊደሉ ይደፈርስበታል። የተደረገለት ሁሉ ትክክል ነው፤ ያልተደረገለት አንድ ጥያቄ ነው፦ "አባቴ፣ ውሎዎ ምንድን ነው?" ሐኪሙ ካልጠየቀ ሕመምተኛው ወይም አስታማሚው ይናገር። የማንበቢያ መነጽሩም ቁስሉ እስኪረጋጋ፣ ከአንድ ወር እስከ አንድ ወር ተኩል ገደማ ባይታዘዝ ይሻላል፤ በመጀመሪያው ሳምንት የተገዛ መነጽር ብዙ ጊዜ ገንዘብ ማባከን ነው።

ሦስተኛው ቀዶ

በጁላይ 1923 ሞኔ ለሦስተኛ ጊዜ ተቀደደ። ሌንሱ የነበረበት ስስ ከረጢት የኋላ ግድግዳ ደፍርሶ ነበር። የደብዳቤው ቁጣ በከፊል ከዚህ የመጣ ነው፤ ሲሻለው ከነበረ በኋላ እንደገና ሲጨልምበት የተታለለ መሰለው።

ይህ ዛሬም ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል፣ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ። ሰው "ሞራው ተመልሶ በቀለ" ይላል። አልበቀለም፤ ሰው ሠራሽ ሌንስ ሞራ አይዘውም። የደፈረሰው ከረጢቱ ነው፤ በሌዘር በደቂቃዎች ውስጥ፣ ያለ ምላጭ፣ ቀዳዳ ይከፈትለታል። ይህን የማያውቅ ሰው ግን "አልሠራልኝም" ብሎ ለዓመታት ደብዝዞ ይቀመጣል፤ ጎረቤቱንም ያስፈራል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ሞኔ ፋሻ ሊቀድ ሲታገል ያሰጋው ነገር ዛሬም ስሙን ሳይለውጥ አለ፦ ወደ ዓይን ውስጥ የሚገባ ኢንፌክሽን። ከመቶ ሰው አንድ እንኳ አይሞላም፤ የደረሰበትን ዓይን ግን በቀናት ውስጥ ሊያጠፋው ይችላል። የመጀመሪያው ቀን ትንሽ መቆርቆር፣ ማልቀስ፣ መቅላት የተለመደ ነው። መጀመሪያ ከተሻለ በኋላ ሕመሙ ከጨመረ፣ ዓይኑ ይበልጥ ከቀላ፣ ዕይታው ከቀነሰ ወይም መግል ከታየ ግን ነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሠራው ሐኪም ነው። በድንገት የሚበዛ ጥቁር ነጠብጣብ፣ የመብረቅ ብልጭታ ወይም ከጎን የሚወርድ መጋረጃ የሬቲና መላቀቅ ሊሆን ይችላልና እሱም ቀጠሮ አይጠብቅም።

ሌላው የቤት ጥንቃቄ ነው። ዓይን አይታሽም፤ ሌሊት በጋሻው ይሸፈናል። ጠብታ የሚያደርገው ሰው እጁን በሳሙና ይታጠባል፤ የጠርሙሱን ጫፍ ሽፋሽፍቱን አያስነካም። የምድጃ ጭስ ያለበት ቤት ለዚያ ሰሞን ለሌላ ይተው። ጸበል የሚጠመቁ እናት ለጥቂት ሳምንታት ፊታቸው ላይ እንዳይፈስ ይጠንቀቁ፤ በስግደት ፈንታ ቆመው ይጸልዩ። ሙስሊሙም ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ተቀምጦ ሊሰግድ፣ በውዱእ ጊዜም ውሃ ዓይኑ እንዳይገባ ሊጠነቀቅ ይችላል። ይህን ቄሱና ሼሁ ሲናገሩት ሐኪም ከተናገረው ይልቅ ይሰማልና ለእነርሱም መንገር አይከፋም።

ግራው ዓይን

ሞኔ ተስፋ እንደ ቆረጠ አልቀረም። በ1924 ዣክ ማዋስ የተባለ ሌላ የዓይን ሐኪም በትዕግሥት አብሮት ተቀመጠ። ሌንሶች እየተቀያየሩ ተሞከሩ፣ ቀለም ያለው መስታወት ተጨመረ፣ ግራው ዓይን ተሸፈነ። የመነጽሩን ጉዳይ እንደ ዋና ሕክምና የቆጠረው ሰው ሲመጣ ነገሩ መልክ ያዘ። በ1925 በጋ ሞኔ እንደ ወጣትነቱ ከንጋት ጀምሮ በደስታ እየሠራ መሆኑን ጻፈ። ትልልቆቹን ሥዕሎች ጨረሰ፤ በዲሴምበር 1926 ሞተ። በሜይ 1927 ፓሪስ ውስጥ ኦራንዠሪ በተባለው ሙዚየም ለሕዝብ ተከፈቱ፦ ሁለት ሞላላ አዳራሽ፣ ሁለት ሜትር ቁመት፣ ቢገጣጠሙ 91 ሜትር ያህል የሚረዝም ውሃና አበባ።

ኩቴላ ግራውንም ሊሠራለት ዝግጁ ነበር፤ ክሌማንሶም ወተወተው። ሞኔ አሻፈረኝ አለ። ሁለቱም ዓይን ቢሠራ ኖሮ የመጠኑም የቀለሙም ልዩነት ይጠብለት ነበር፤ ይህን የነገረው ሰው ቢኖርም የመጀመሪያው ገጠመኝ ጆሮውን ደፍኖበታል። ዛሬም ሁለተኛ ዓይናቸውን የማያሠሩ ብዙዎች በመጀመሪያው ያዩትን ፈርተው ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ዓይን ብቻ ሲሠራ ደግሞ ርቀት መገመት ያስቸግራል፣ ደረጃ ላይ መውደቅም ይመጣል። የሞኔ ግራ ዓይን ሳይነካ ከነሞራው ተቀበረ።